የሳኩለንት ጉንጉን በደጋ ቤት፦ ውሃውና ብርሃኑ እንዴት ይመጠናል?

ቅጠላቸው ወፍራም ሆኖ በአንድ እምብርት ዙሪያ እንደ ጽጌረዳ አበባ ጉንጉን ሠርቶ የሚደረደር ትንንሽ ተክሎች ዛሬ በአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ዘንድም ሆነ በስጦታ ዕቃ መደብሮች በቀላሉ ይገኛሉ። ሻጮቹ በጥቅሉ ሳኩለንት ይሏቸዋል፤ ለገዢው የሚሰጡት ምክርም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ውሃ እንዳይበዛባቸው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ብዙ የሚባለው ምን ያህል እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚቀነስና በየትኛው ወር እንደሚጨመር ስለማይናገር ገዢውን ሩቅ አያደርሰውም። ገዢው መልስ ፍለጋ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ደግሞ የሚያገኘው አብዛኛው መመሪያ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነዋሪ የተጻፈ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ውሃ ይጨመር፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ይቀነስ፣ ተክሉም በደቡብ በኩል ባለው መስኮት ይቀመጥ ይላል። ይህን መመሪያ አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጎንደር ላይ እንዳለ የተከተለ ሰው ተክሉን በሐምሌ ዝናብና ጭጋግ ውስጥ አብዝቶ አጠጥቶ ሊያበሰብሰው፣ በጥር ደረቅ ፀሐይ ደግሞ ውሃ ከልክሎ ሊያጨማድደው ይችላል። ስለዚህ ተዘጋጅቶ ከቀረበ የወር ሰሌዳ ይልቅ ተክሉ እንዴት እንደሚኖር መረዳት ይበጃል፤ አኗኗሩ ከታወቀ ሰሌዳውን ከራሳችን ሰማይ ጋር አስማምቶ ማውጣት አይከብድም።

የትውልድ ቦታቸው ለየቅል ነው

በአንድ የጥቅል ስም መጠራታቸው አንድ ዓይነት ተክል አያደርጋቸውም። ለሽያጭ ከሚቀርቡት መካከል በብዛት የሚታየው ኢቼቬሪያ ነው፤ ዝርያዎቹ ከ150 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1828 ያወጣለት ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦጉስታን ፒራም ደ ካንዶል ሲሆን፣ ስያሜው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሜክሲኮን ዕፅዋት በሥዕል ለመዘገበው ለአታናሲዮ ኤቼቬሪያ መታሰቢያ ነው። ግራጫማ ቅጠሉ በትንሽ ንክኪ የሚረግፈውና እያደገ ሲሄድ ግንዱ ረዝሞ የሚንጠለጠለው ግራፕቶፔታለምም የሜክሲኮ ተክል ነው። ሴምፐርቪቨም በአንጻሩ የአውሮፓ ተራሮች ተክል በመሆኑ በረዶ ተኝቶበት ይከርማል፤ አፈር አለ በማይባልበት ስፍራ መኖር ስለሚችልም በመካከለኛው ዘመን በቤት ጣሪያ ላይ ይተከል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝ የርስቶቹን አስተዳደር በሚመለከተው ድንጋጌ ውስጥ አትክልተኛው ይህን ተክል በቤቱ ጣሪያ ላይ እንዲያኖር ታዝዟል። ሃዎርቲያ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ በዱር ሳለም በቁጥቋጦና በድንጋይ ጥላ ሥር የሚያድግ ነው። ኤዮኒየም በአብዛኛው የካናሪ ደሴቶች ተወላጅ ሲሆን አንድ ዝርያው ግን የእኛው ተራሮች ልጅ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እሬትም ቅጠሉ በእምብርቱ ዙሪያ ስለሚደረደር ከዚሁ ረድፍ ይመደባል።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥላ የለመደውን ሃዎርቲያ ቀትር ፀሐይ ላይ ያስቀመጠ ሰው ቅጠሉ ሲቀላና ሲኮማተር ያያል፤ ከፍተኛ ብርሃን የሚፈልገውን ኢቼቬሪያ የሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ቅርጹ ሲበላሽ ይመለከታል። ስለዚህ ገዢው ሲገዛ ቢያንስ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ሻጩ ካላወቀም ፎቶ አንሥቶ ቢያጣራ በኋላ ከብዙ ግምት ይድናል።

ጉንጉኑ ለምን ተፈጠረ? ሌሊትስ ምን ይሠራል?

የቅጠሎቹ አደራደር ለዓይን ከማማሩ ባሻገር ሥራ አለው። አዲስ ቅጠል ከእምብርቱ ሲወጣ ከቀደመው ቅጠል በ137.5 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ይበቅላል፤ በዚህ ማዕዘን የሚወጡ ቅጠሎች አንዱ በሌላው ላይ በትክክል ስለማይገጥሙ እያንዳንዱ የድርሻውን ብርሃን ያገኛል። ተጠጋግተው መቀመጣቸው ነፋስና ፀሐይ የሚያገኛቸውን ገላ ይቀንሳል፤ በእምብርቱ ላይ ያለውን ለጋ ቡቃያም ይጋርዱለታል። በብዙ የኢቼቬሪያ ዝርያዎች ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት መሰል ሽፋን ሰም ነው፤ ኃይለኛ ፀሐይን ይመልሳል፣ የውሃ ጠብታም አንሸራቶ ያወርዳል። ሰሙ በጣት ከተጠረገ በዚያ ቅጠል ላይ እንደነበረው አይመለስም፤ ስለዚህ ተክሉ ሲዛወር ከግንዱ ወይም ከመትከያው እንጂ ከቅጠሉ አይያዝ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ። ብዙ ኢቼቬሪያዎች በትውልድ ቦታቸው የሚያድጉት በገደል ፊት ላይ ተጣብቀው ነው፤ ጉንጉኑ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል የዘነበው ዝናብ በእምብርቱ ውስጥ አይተኛም። እኛ ግን በመትከያ ውስጥ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገን ቀጥ አድርገን እናቆመዋለን፤ ከላይ ውሃ በተርከፈከፈበት ቁጥርም እምብርቱ ውሃ ያቁራል፤ ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ውሃ ለጋውን ቡቃያ ያበሰብሳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ውሃው በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በአፈሩ ላይ ይፍሰስ፣ እምብርቱ ውስጥ ከገባም በመንፊያ ወይም በጨርቅ ጫፍ ይውጣ። ደጅ የሚቀመጥ መትከያን በክረምት በአንድ ወገን ጠጠር አስገብቶ ማዘንበልም ተክሉን ወደ ለመደው አቀማመጥ የሚመልስ ጥሩ ዘዴ ነው።

የእነዚህ ተክሎች ዋናው ምስጢር ግን የሌሊት ሥራቸው ነው። ማንኛውም ተክል ምግቡን ለማዘጋጀት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይወስዳል፤ የሚወስደውም በቅጠሉ ላይ ባሉት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች በኩል ነው። አየር ለማስገባት የተከፈተ ቀዳዳ ግን በዚያው ልክ ውሃ በትነት ያስወጣል። ጎመንም ሆነ ባቄላ ቀዳዳቸውን ቀን ስለሚከፍቱ በየቀኑ ብዙ ውሃ ያጣሉ፤ ሳኩለንቶች ግን ቀኑን ዘግተው ይውላሉ፣ ፀሐይ ጠልቃ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታሉ፣ ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሊክ አሲድ ወደሚባል አሲድ ለውጠው በቅጠላቸው ሕዋሳት ውስጥ ያከማቻሉ፤ ሲነጋም ቀዳዳቸውን መልሰው ዘግተው የተከማቸውን አሲድ እየፈቱ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። በህንድ ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ቤንጃሚን ሄይን እ.ኤ.አ. በ1815 በታተመ ደብዳቤው፣ ከእንዳሁላ ጋር አንድ ወገን የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀመስ እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ጣዕሙን እንደሚያጣ ጽፎ ነበር፤ ጠዋት የቀመሰው ኮምጣጣ ነገር ሌሊት የተከማቸው አሲድ መሆኑ በትክክል የታወቀው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ለቤት አትክልተኛ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። ተክሉ ውሃ የሚጠቀመው በጣም በዝግታ ስለሆነ የጠጣው አፈር በፍጥነት አይደርቅለትም፤ ምግብ የሚያዘጋጀውም ባከማቸው ልክ ብቻ ስለሆነ እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ሥራው ይቃናለታል። ሦስተኛው ለደጋ ነዋሪ መልካም ዜና ነው። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለችው አዲስ አበባ ቀኗ ብሩህ፣ ሌሊቷ ቀዝቃዛ በሆነባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ለኢቼቬሪያ እጅግ ትስማማዋለች፤ ቅጠሎቹ በዚህ ወቅት ጠርዛቸው ቀልቶ የሚታየውም ብርቱ ብርሃን፣ የሌሊት ቅዝቃዜና መጠነኛ ጥማት ሲገጣጠሙ ተክሉ ቀይ ቀለም ስለሚያመርት ነው እንጂ በሽታ ይዞት አይደለም። በተቃራኒው እንደ ዱባይ ወይም ዶሃ ባለ ከተማ በበጋቸው ወራት ሌሊቱም ስለሚሞቅ ተክሉ ቀዳዳውን ለመክፈት ይቸገራል፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖች ከቤት ውጪ ከማኖር ይልቅ ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ፣ የማቀዝቀዣው ነፋስ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ቢያስቀምጡትና ሙቀቱ እስኪበርድ ውሃውን ቢቀንሱለት ይሻላል።

ውሃ

ሳኩለንት የሚሞተው ውሃ በመብዛቱ ነው ሲባል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚፈሰውን መጠን ያስባል፤ በየቀኑም በማንኪያ እየለካ ጥቂት ጥቂት ያጠጣል። ይህ ከሁሉ የከፋው አጠጣጥ ነው። ጎጂው የመጠኑ ብዛት ሳይሆን አፈሩ ሳይደርቅ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ መርዘም ነው። ሥር እንደ ማንኛውም ሕያው አካል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ለቀናት በውሃ ተሞልቶ ሲቆይ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይሞታል፣ ከዚያም ፈንገስ ገብቶ መበስበሱን ወደ ግንዱ ያደርሰዋል። ትክክለኛው አጠጣጥ ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ በደንብ ማጠጣት፣ በሥሩ ማስቀመጫ ሳህን ካለ የተጠራቀመውን መድፋት፣ ከዚያም አፈሩ እስከ ታች ድረስ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

መድረቁን ለማወቅ የላይኛውን አፈር በጣት መንካት አይበቃም፤ ላዩ ደርቆ ታችኛው እርጥብ ሊሆን ይችላል። ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰክቶ ማውጣት፣ እርጥበት ይዞ ከወጣም ጥቂት ቀን መጨመር ይቻላል። ሌላው መንገድ መትከያውን እንዳጠጡት አንሥቶ ክብደቱን በእጅ ማወቅ፣ በኋላም እያነሡ ማነጻጸር ነው። እኔ ከሁሉ የማምነው ግን የታችኛውን ቅጠል በሁለት ጣት ቀስ ብሎ መጫንን ነው፤ ውሃ የጠገበ ቅጠል ጠንካራ ነው፣ የተጠማ ቅጠል ለስለስ ብሎ በእጥፋቱ ላይ ጥቂት መስመር ያሳያል። ያን ምልክት አይቶ ያጠጣ ሰው ስለ ቀን ቆጠራ መጨነቅ የለበትም።

የተጠማውንና የበሰበሰውን መለየት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ሁለቱም ቅጠልን ያለሰልሳሉና። የተጠማ ቅጠል ቀለሙን እንደያዘ ይጨማደዳል፣ ይሳሳል፤ ውሃ የበዛበት ቅጠል ግን ቢጫ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ መልክ ይይዛል፣ ሲነካ ይላቁጣል፣ በቀላሉም ይረግፋል። ቅጠሉ የላቆጠበትን ተክል የጠማው መስሎት ውሃ የጨመረለት ሰው ሞቱን ያፋጥናል። ከታች በኩል አንድ ሁለት ቅጠል እንደ ወረቀት ደርቆ መቅረቱ ግን የተለመደ እርጅና ነው፤ ቅጠሉን ለቅሞ መጣል ብቻ ይበቃል፣ ከሥሩ ተባይ እንዳይሸሸግ።

አሁን ወደ ወራቱ። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚህም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ስለሚደፈን ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን አፈር አይደርቅም፣ ተክሉም በደካማ ብርሃን ውስጥ ብዙ ውሃ አይጠቀምም። ስለዚህ ክረምት የጥንቃቄ ወቅት ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ተክል በሁለት ወር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ቢጠጣ አይጎዳም፣ ደጅ ያለው ደግሞ የጣሪያ ክፈፍ ሥር ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሥር ይግባ። በረዶም ይታሰብ፤ የአንድ ቀን በረዶ የወፍራም ቅጠሎችን ገላ በጠባሳ ይሞላል፣ ጠባሳውም ቅጠሉ አርጅቶ እስኪረግፍ አይጠፋም። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐዩ ይበረታል፣ ነፋሱ ደረቅ ይሆናል፣ ትንሽ የሸክላ መትከያ በሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊደርቅ ይችላል፤ ውሃውም በዚያው ልክ ይጨመራል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ውርጭ በሚወርድባቸው ቦታዎች ከኅዳር እስከ ጥር ኢቼቬሪያንና እሬትን ሌሊት ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል፤ በውሃ የተሞላ ቅጠል ሲረጋ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉና፣ በማግስቱ ጠቁሮ ይገኛል። ሴምፐርቪቨም ግን በዚያ ብርድ ይደላዋል።

ብርሃን

ኢቼቬሪያ ቅርጹን ጠብቆ እንዲቆይ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ቢያገኝ መልካም ነው። ብርሃን ሲጎድለው ግንዱን እያስረዘመ ፍለጋ ይወጣል፤ በቅጠሎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ቅጠሎቹ ወደ ታች ይዘነብላሉ፣ መልካቸው ይገረጣል። አንዴ የረዘመ ግንድ ፀሐይ ላይ ቢወጣም መልሶ አያጥርም፤ መፍትሔው የላይኛውን ጉንጉን ቆርጦ እንደ አዲስ መትከል ነው።

የትኛው መስኮት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከምድር ወገብ ርቀት ጋር የተያያዘ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ስለምትውል በዚያ ለሚኖር ሰው የደቡብ መስኮት ምክር ፍጹም ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ታልፋለች፤ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። በዚህም ምክንያት የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ደማቅ ፀሐይ ያስገባና ብርሃን ይበልጥ በሚያስፈልግበት በሐምሌ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይደርስበት ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የማይከዱት የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው። ከሁለቱ እኔ ምሥራቁን እመርጣለሁ፤ የጠዋት ፀሐይ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ለስላሳ ናት፣ የክረምት ዝናብም ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጭጋግ በበዛበት ወቅት እንኳ የሚገኘውን ጥቂት ብርሃን የሚቀበለው እሱ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው ብቸኛ በረንዳ ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ ሃዎርቲያን መርጦ መትከል ከኢቼቬሪያ ጋር ከመታገል ይሻላል።

ከፍታችን ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላ ይልቅ ይበረታል፤ ቤት ውስጥ ወይም በመስታወት ጀርባ የቆየ ተክል በአንድ ቀን ወደ ጠራራ ከወጣ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ቡናማ ጠባሳም ያወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የጠዋቱን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት እያሉ ማለማመድ ይገባል።

አፈርና መትከያ

በአዲስ አበባና በብዙ የደጋ አካባቢዎች ግቢ ውስጥ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ለሳኩለንት አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ውሃውን ለሳምንታት ይይዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። በእጃችን ያለው ሀብት ሌላ ነው። ለመንገድና ለግንባታ የሚውለው ቀይ አሽ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ካሉ እሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚቆፈረው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ፣ በሌሎች አገሮች የሳኩለንት አድናቂዎች በውድ ዋጋ በከረጢት የሚገዙት ዓይነት ነው። ለብሎኬት ማምረቻ የሚውለው ፑሚስም ያንኑ ሥራ ይሠራል። በወንፊት ነፍቶ ዱቄቱን ማስወገድ፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሽምብራ ፍሬ ያልበለጠውን ማስቀረትና በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁለት እጅ፣ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት አንድ እጅ ሲቀላቀል ውሃ በሴኮንዶች ውስጥ የሚያጠነፍፍ አፈር ይገኛል። ክረምቱ በሚከብድበት ቦታ ቀይ አሹ ሦስት እጅ ቢሆንም አይጎዳም። ደቃቅ የግንባታ አሸዋ ግን ክፍተቱን ስለሚደፍን አይመከርም።

ከመትከያው ሥር ጠጠር መደርደር ውሃ ያጠነፍፋል የሚለው በሰፊው የተለመደ እምነት ስህተት ነው። ውሃ ደቃቅ ቅንጣት ካለው አፈር ወደ ትልልቅ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ደቃቁ አፈር በሙሉ እስኪጠግብ ድረስ ውሃውን በራሱ ውስጥ አንጠልጥሎ ይይዛል። ስለዚህ ጠጠሩ እርጥቡን ክፍል ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ያቀርበዋል እንጂ አያስወግደውም። መትከያውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ድብልቅ መሙላትና አፈሩ እንዳይወጣ ቀዳዳው ላይ የወንፊት ቁራጭ ማድረግ ይበቃል።

መትከያው ከታች ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው። በስጦታ መደብሮች ቀዳዳ በሌለው የመስታወት ጎድጓዳ ውስጥ ተተክሎ የሚሸጠው ሳኩለንት ለጥቂት ሳምንት ዓይን ደስ ያሰኛል፤ ተክሉን የሚወድ ሰው ግን እንደገዛው ወደ ሌላ ዕቃ ሊያዛውረው ይገባል። ቀለም ያልተቀባ ሸክላ በግድግዳው ጭምር ስለሚተነፍስ በክረምት ከፕላስቲክ ይመረጣል። ስፋቱ ከጉንጉኑ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ በቂ ነው፤ ትልቅ ዕቃ ሥር ያልደረሰበት ብዙ እርጥብ አፈር ይይዛል። ማዳበሪያ በተመለከተ፣ በመለያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን በውሃ በጥብጦ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከመስከረም በኋላ መስጠት ይበቃል።

ማባዛትና አበባ

ኢቼቬሪያና ግራፕቶፔታለም ከአንድ ቅጠል ይራባሉ። ጤናማ ቅጠል በጣት ተይዞ ወደ ጎንና ወደ ጎን እየተነቀነቀ ከነመነሻው ሳይቀደድ ይነቀላል፤ ግማሹ ግንዱ ላይ ከቀረ አይበቅልም። ቁስሉ በጥላ ውስጥ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን እስኪደርቅ ይቆያል፣ ከዚያም በደረቅ አፈር ላይ ይጋደማል እንጂ አይቀበርም። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሮዝ መልክ ያለው ሥርና ጥቂት ቆይቶም ጉንጉን ይወጣል፤ እናት ቅጠሉ ውሃዋንና ምግቧን ለልጇ ሰጥታ እስክትደርቅ ድረስ አትነጠል። ኤዮኒየም፣ እሬትና ሴምፐርቪቨም ግን በዚህ መንገድ አይራቡም፤ የእሬት ቅጠል አፈር ላይ ቢቀመጥ ይበሰብሳል። እሬት፣ ሃዎርቲያና ሴምፐርቪቨም ከሥራቸው ዙሪያ የሚያወጧቸውን ልጆች ነጥሎ መትከል ነው የሚበጀው።

አበባ ሲመጣ ዝርያውን ማወቅ ዳግም ይጠቅማል። ኢቼቬሪያና እሬት የአበባ ዘንጋቸውን ከቅጠሎቻቸው መካከል ስለሚያወጡ አብበው ይቀጥላሉ። የሴምፐርቪቨምና የኤዮኒየም አበባ ግን ከራሱ ከእምብርቱ ስለሚወጣ ያበበው ጉንጉን ዘር ጥሎ ይሞታል፤ ይህ የእንክብካቤ ጉድለት አይደለም፣ በዙሪያው ያሉት ልጆች ይተኩታል። በለጋ የአበባ ዘንግ ላይ ክሽክሽ መታየቱ የተለመደ ነው፤ በውሃ ማጠብ ወይም ዘንጉን መቁረጥ ይበቃል። ይበልጥ አስቸጋሪው በቅጠሎች መጋጠሚያ የሚሸሸገው ጥጥ መሰል ነጭ ተባይ ነው፤ በ70 በመቶ አልኮል የተነከረ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ እየነኩ በየሳምንቱ እስኪጠፋ መደጋገም፣ ተክሉንም ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል። ድመት ወይም ውሻ ያለበት ቤት ኢቼቬሪያና ሃዎርቲያ አያሰጋም፤ እሬትና እንዳሁላ ግን እንስሳቱ በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ።

የራሳችን ተራሮች ያላቸው

ከውጭ ለመጡት የምንሰጠውን ትኩረት ያህል በአገራችን ገደሎች ላይ ለሚያድጉት ባለመስጠታችን አዝናለሁ። በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ሲኖሩ ብዙዎቹ ከዚህ ሌላ የትም አይገኙም፤ በአንኮበር ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድገውና ስሙንም ከቦታው የወሰደው የእሬት ዝርያ አንዱ ነው። ቢጫ አበባ ያለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤዮኒየም ሌውኮብሌፋረም የሚባለው የእኛው ኤዮኒየም ደግሞ በደጋ ዐለቶች ላይ፣ እንዲሁም በኬንያ፣ በሶማሊያና በየመን ተራሮች ይበቅላል። የክረምቱንም ዝናብ የበጋውንም ድርቀት ለምዶ የኖረ በመሆኑ ለደጋ በረንዳ ከእሱ የሚስማማ ተክል ማግኘት ያስቸግራል። ውሃ ሲጎድልበት የውጭ ቅጠሎቹን አርግፎ እምብርቱን ይዘጋል፤ ይህ ዕረፍቱ እንጂ ሞቱ ስላልሆነ ውሃ ሊጎርፍበት አይገባም።

እነዚህን ከዱር ነቅሎ ማምጣት ግን አይገባም። ከገደል የሚነቀል እሬት ዓመታት የፈጀ ተክል ነው፤ ከተለመደው የመድኃኒት እሬት በቀር ሁሉም የእሬት ዝርያዎች በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገርም ሕገ ወጥ ነው። ኤዮኒየምን ከሚያሳድግ ጎረቤት ወይም ችግኝ ጣቢያ አንድ ቅርንጫፍ ጠይቆ መውሰድ ይበቃል። ጉንጉኑ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከሚሆን ግንድ ጋር በንጹሕ ቢላ ይቆረጣል፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን በጥላ ይቀመጣል፣ ከዚያም ዝናቡ በሚያባራበት በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መግቢያ ቀይ አሽ በበዛበት አፈር ውስጥ ተተክሎ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ውሃ ይሰጠዋል። ቀስ ብሎ ሲሳብ አልነቃነቅ ካለ ሥር ሰድዷል ማለት ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ወደ ጠዋት ፀሐይ ሊወጣ ይችላል።